ለሽማግሌ «ጃል ጃሶ» አይባልም

ከመሰላል ወድቄ ጭኔ የተሰበረ ጊዜ ሰባት ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ሙያዬ ቧንቧ ሥራ ነው። ሃያ ዓመት በየፎቁ ጫፍ ስንጠለጠል ኖሬ፣ የጣለኝ ግን ከመሬት ሁለት ክንድ የማይሞላ የወጥ ቤት መሰላል ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ከሦስተኛ ፎቅ» እያልኩ እዋሽ ነበር። እውነቱን የተናገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለእትዬ ማለዳ።

እትዬ ማለዳ የፎቃችን የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ አጠር ደልደል ያለች፣ ስትራመድ የጎማ ጫማዋ ሲጥ ሲጥ የሚል ሴት ናት። ትክክለኛ ስሟ ደረቷ ላይ በተንጠለጠለው መታወቂያ ተጽፏል፤ በሱ የጠራት ሰው ግን አላጋጠመኝም። ይሄን ስም ያወጡላት ነርሶቹ ናቸው። ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የሻይ ጋሪው ሳይመጣ፣ ሐኪሙ ሳይዞር፣ የመጀመሪያዋ ገቢ እሷ ነበረችና። መወልወያዋን በሩ ላይ ታስደግፍና ገና አንዲት ጠብታ ውሃ ወለል ሳይነካ ሰላምታዋን ትጀምራለች።

ሰላምታዋ ደግሞ በጅምላ የሚበተን አልነበረም። ለእያንዳንዱ በልኩ ለክታ የምትሰፋው ነው። ክፍል ሰባት ለተኙት ጡረተኛ ዳኛ «እንደምን አደሩ ጌታዬ? እንቅልፍ ወሰደዎት?» ትላለች። ለሹፌሩ «እንዴት አደርክ ወንድሜ? ያ ጎንህ ዛሬስ ለቀቀህ?» ትርፍ አንጀት ለወጣላት ተማሪ «አደርሽልኝ የኔ እናት?» ለእኔ በመጀመሪያው ሳምንት «እንደምን አደሩ» ነበር። የመሰላሉን ጉድ ከነገርኳት ማግስት ግን «እንዴት አደርክ አንተ ሁለት ክንድ» አለችኝ። ነርሶቹም ተቀበሏትና እስክወጣ ድረስ ሁለት ክንድ ሆኜ ቀረሁ።

«አንቺ፣ ሥራሽ ወለሉ አይደል እንዴ? ለምን እንዲህ ትደክሚያለሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ወለሉንማ ማንም ቢወለውለው ይጸዳል» አለችኝ ጨርቋን እየጨመቀች። «ሰው ሲነቃ መጀመሪያ የሚሰማው የመርፌ ጋሪ ከሆነ ግን፣ ምኑን ነጋለት?»

እኔ በገባሁ በአሥረኛው ቀን ከጎኔ ያለው አልጋ ሰው አገኘ። ኮሪያዊ ሽማግሌ ናቸው። ወደ ሰማንያ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ቅንድባቸው እንደ ጥጥ የነጣ። ልጃቸው ከከተማው ርቆ በሚሠራ ግድብ ላይ መሐንዲስ ነው። እሱን ሊጠይቁ በመጡ በሁለተኛው ሳምንት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጅና እግራቸው ዛለ፤ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተሳበ፤ ንግግራቸው ድራሹ ጠፋ።

ሐኪሙ፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ወጣት፣ ለልጅየው ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። «ይሰማሉ፤ ይገባቸዋልም። የጠፋው ቃሉን ከአእምሮ ወደ ምላስ የሚያመጣው መንገድ ነው። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። ዋናው ነገር የሚያናግራቸው ሰው ያስፈልጋል።»

የሚያናግራቸው ሰው ከየት ይምጣ? ልጃቸው የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። በቀሩት አምስት ቀናት ነርሶቹ በእጅ ምልክት ያበሏቸዋል፣ በእጅ ምልክት ያገላብጧቸዋል። ሰውየው እንደ ዕቃ ከወዲያ ወዲህ ይደረጋሉ። ክፉ የሚላቸው የለም፤ ደግ የሚላቸውም የለም።

እትዬ ማለዳ በመጀመሪያው ጠዋት ወደ አልጋቸው ቀረብ ብላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «እንደምን አደሩ አባባ?» አለቻቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም እንዲሁ። ዘጠኝ ጠዋት ሙሉ ግድግዳውን እያዩ፣ እሷም ለጀርባቸው ሰላምታ እየሰጠች ተለያዩ።

«ተይ እንግዲህ፣ አይሰሙሽም እኮ» አልኳት።

«ይሰማሉ። ሐኪሙ ብሏል። የማይሰማቸው የኔ ቋንቋ ነው» አለችና ወለሉን ወለወለች። ስታስብ ከንፈሯን ወደ ውስጥ ትነክሳለች፤ የዚያን ቀን ነክሳው ዋለች።

የሚቀጥለውን የነገረችኝ ራሷ ናት። ታናሽ እህቷ ፀጉር ሰሪ ናት። ሱቋ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ከጠዋት እስከ ማታ የኮሪያ ተከታታይ ድራማ ሲያሳይ ነው የሚውለው። እትዬ ማለዳ በዕረፍት ቀኗ ሄዳ፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ «በኮሪያ ቋንቋ እንዴት አደሩ ምንድነው የሚባለው?» ብላ ጠየቀች።

«እሱማ ቀላል ነው» አለች እህቲቱ፣ በደንበኛዋ ፀጉር ላይ ቢጎዲን እየጠቀለለች። «ጃል ጃሶ ነው። ደህና ተኛሽ ወይ ማለት ነው። ባለፈው ድራማ ላይ ልጁ ጠዋት ጠዋት ደውሎ ለልጅቷ እንዲህ ነበር የሚላት።»

ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ መሰከሩ። አንዷ እንዲያውም ጭንቅላቷን ከካስኩ አውጥታ፣ «ኧረ እንዴት አድርጎ እንደሚላት! መጨረሻው ላይ ሳብ ያደርገዋል፤ ጃል ጃሶኦኦ!» ብላ አሳየቻት። እትዬ ማለዳም አብራ ሳበች። ሱቁ በሳቅ ተሞላ። ይህ ልጅ ያንን የሚለው ለማን እንደሆነ፣ እሷ ደግሞ የምትለው ለማን እንደሆነ ግን ያሰበ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት የእጅ ጓንት ካርቶን ቀድዳ የጻፈችውን ቃል እያየች ገባች። ለእኔ እንኳ ሰላምታ ሳትሰጥ ቀጥታ ወደ ሽማግሌው አልጋ ሄደች። ጎንበስ አለችና፣ በዚያ ሱቅ ውስጥ በተማረችው ቅላፄ፣ «ጃል ጃሶኦኦ?» አለቻቸው።

ሰውየው ከግድግዳው ዞሩ። ዓይናቸው ተበለጠጠ፤ ነጩ ቅንድብ ግንባራቸው ላይ ወጣ፤ ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ቀላ። ከዚያ በደህናው ግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት ጓ! ጓ! ጓ! አደረጉት። ከጉሮሯቸው የሆነ ድምፅ ወጣ፤ ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር ለመለየት ያስቸግር ነበር። እትዬ ማለዳ መወልወያዋን ጥላ እግሬ አውጪኝ አለች።

በር ላይ የተቀበለቻት ዋና ነርሷ ናት። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ረጅም፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት።

«ምን አልሻቸው?»

«እንደምን አደሩ ነው ያልኳቸው፣ ሲስተር... ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል?»

«እህቴ ናት እንዲህ ነው የሚባለው ያለችኝ።»

«ከእንግዲህ ወዲህ የማታውቂውን አትናገሪ» አለችና ወደ ሽማግሌው ገብታ የደም ግፊታቸውን ለካች።

ያን ቀን እትዬ ማለዳ ምሳዋን አልበላችም አሉ። «ምላሴን በቆረጠው! የታመመ ሰው ላይ ምን ጉድ ተናገርኩ?» ስትል እንደዋለች የሰማሁት ከሻይ አዳይዋ ነው።

በማግስቱ ድምፅ ሳታሰማ ገባች። «እንዴት አደርክ» አለችኝ በሹክሹክታ። ሁለት ክንድ እንኳ አላለችኝም። ከዚያ የሽማግሌው አልጋ ስር ተንበርክካ መወልወል ጀመረች። ቀና አላለችም። ሰውየው ለጥቂት ጊዜ የጎበጠ ጀርባዋን ተመለከቱ። ቀጥሎ በጣታቸው አንጓ ብረቱን ቀስ ብለው ኳ ኳ አደረጉ፤ ሰው በር እንደሚያንኳኳ።

ጨርቋን እንደያዘች ተነሣች።

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። እኔ የማውቀው ቧንቧ ነው፤ በቧንቧ ብናገር አይፈረድብኝ። ብዙ ጊዜ የተዘጋ መስመር ሲከፈት ውሃው ወዲያው አይመጣም። መጀመሪያ ያጉረመርማል፤ ከዚያ አየር ይተፋል፤ ከዚያ ዝገት፤ ከዚያ ነው ጠብ ጠብ የሚለው። ልክ እንደዚያ ነበር።

«ጁ...» አሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። «ጁ... ሙ...»

«ጁሙ?» አለች እትዬ ማለዳ።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አላለቀም ለማለት። «ሾ... ሶ... ዮ።»

«ጁሙሾሶዮ?»

ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «አዎ» በሚል አኳኋን አገጫቸውን ዝቅ አደረጉና፣ ድንጋይ ሲፈልጥ እንደዋለ ሰው ትራሱ ላይ ተመልሰው ወደቁ።

ወደ እኔ ዞረች። «ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ተናገሩ እኮ!»

«ተናገሩ። ግን ምንድነው ያሉት?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለችና ጨርቋን እንደያዘች እየሮጠች ወጣች። ሐኪሙን ከነሻዩ ይዛው ተመለሰች።

ቅዳሜ ልጃቸው መጣ። ቋንቋችንን ከግድቡ ሠራተኞች የለቀመ ነው። ግድቡ ላይ ደግሞ ያለው ወንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉም ሰው ለእሱ «አንተ» ነው። ዋና ነርሷን ሳይቀር «አንተ ጥሩ ሰው» ይላታል። እሷም አንድ ቀን እንኳ ሳትስቅ «አመሰግናለሁ» ትለዋለች። እትዬ ማለዳ የሥራ ሰዓቷ ካለቀ በኋላ እሱን ስትጠብቅ ነበር። ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ፊቱ ቆማ «ጁሙሾሶዮ» አለችው።

ባለበት ደረቀ። «ይሄ... ማን አስተማረ አንተ?»

«አባትህ።»

አባቱን አየ፤ እሷን አየ፤ እኔን አየ። እኔም አዎ አልኩት። ልጁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና የአባቱን የዛለች ቀኝ እጅ ያዘ። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው እንድትነግረው ጠየቃት። ጃል ጃሶ ላይ ስትደርስ እስኪያስለው ሳቀ።

«አባቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተማሪ! ሁሉም ሰው እሱን ይፈራል! ለአባቴ ጃል ጃሶ ማንም አይልም። እናቴ ብቻ።» ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። «እናቴ ደግሞ ሞተ። አራት ዓመት።»

ሽማግሌው የልጃቸውን ፊት ያያሉ። ያን ጠዋት ጆሯቸው ድረስ ያቀላቸው ቁጣ ብቻ አለመሆኑን ያን ጊዜ ጠረጠርኩ።

ከዚያ በኋላ ልጅየው የምግብ ጠረጴዛውን ስቦ፣ ወረቀት አውጥቶ፣ እንደ መሰላል ደረጃ በደረጃ ጻፈላት። ከታች ጃል ጃሶ፤ ለልጅ፣ ለታናሽ፣ ለባልና ለሚስት። ከፍ ሲል ጃል ጃሶዮ፤ መጨረሻው ላይ «ዮ» ስትጨመር ለሥራ ባልደረባ ይሆናል። ከሱ በላይ አንዮንጊ ጁሙሾሶዮ፤ ለአባት፣ ለእናት፣ ለትልቅ ሰው። ከሁሉም በላይ አንዮንጊ ጁሙሾስምኒካ፤ ለታላቅ ክብር፣ ቀጥ ብለው ቆመው የሚሉት። ላይኛው ደረጃ ላይ «መተኛት» የሚለው ቃል ራሱ እንደሚለወጥ ሊያስረዳት ብዙ ደከመ።

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለችው። «ልጅ ይበላል፤ ትልቅ ሰው ግን ይመገባሉ። ልጅ ይተኛል፤ ትልቅ ሰው ያርፋሉ። እኛም ጋ ያው ነው። አንዮንጊ ያልከውስ ምንድነው?»

«በሰላም።»

«በሰላም አደሩ?» አለች እጇን አፏ ላይ አድርጋ። «ታዲያ ይሄ የኛው አይደል እንዴ! እናንተም የምትጠይቁት ሌሊቱን ነው ለካ! ሰው ሌሊቱን እንዴት ተሻገረ ብላችሁ ነው!» ከዚያ ጣቷን ቀሰረችበት። «በል አንተም ተማር። እኔ ሴት ነኝ፤ አንተ አይባልም፣ አንቺ ነው። ዋና ነርሷን ደግሞ እርስዎ ነው የምትላት።»

«አንቺ» አለ ልጁ። «እርስዎ።» ወዲያው ፊቱ ተለዋወጠ። «ዋና ነርሷን... እኔ ሁለት ሳምንት...»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ወንድ አድርገሃታል» አልኩት እኔ፣ እና ጭኔ እስኪያመኝ ሳቅን። ሽማግሌው ምን እንደተባለ ልጃቸው ሲነግራቸው በግማሽ አፋቸው ፈገግ አሉ። ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋታችን ትምህርት ቤት ሆነ። እትዬ ማለዳ «አኒዮኒ» ስትል ሽማግሌው ግራ ጣታቸውን ያነሣሉ፤ ልክ አይደለም ማለት ነው። ልክ አይደለም ካሉ ደግሞ ልኩን መናገር ግዴታቸው ሆነ። «አን... ዮን... ጊ።» እሷ ስትሳሳት እሳቸው ይናገራሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ ነገሩ ገባኝ፤ አንዳንዱን ስህተት ሆን ብላ ነበር የምትሳሳተው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ትናንት ልክ ብለሽው አልነበር?» ስላት፣

«ዝም በል አንተ» ብላ ጠቀሰችኝ።

ሐኪሙም ወግ ደረሰውና አንድ ቀን ሲዞር «ጃል ጃሶ» አላቸው። ሽማግሌው ወዲያው ዓይናቸውን ጨፍነው እንቅልፍ የወሰደው ሰው መሰሉ። «ዶክተር፣ ላይኛውን ይበሉ» አልኩት በቀስታ። «አንዮንጊ ጁሙሾሶዮ» ሲላቸው ዓይናቸው ተከፈተ፤ እጃቸውንም ለግፊት መለኪያው ዘረጉለት።

የእትዬ ማለዳ ባል ጎማ ጠጋኝ ነው፤ ጎሚስታ። ቤት ውስጥ የምትለማመደው በእሱ ላይ እንደነበር ነግራኛለች። ሻይ ስትቀዳለት ጃል ጃሶ፣ ጫማውን ስታቀብለው ጃል ጃሶ።

«ለኔ ሁልጊዜ ታችኛውን ብቻ ነው እንዴ የምትይኝ?» ብሎ ጠየቃት።

«ለባልማ ታችኛው ነው፤ ደንቡ ነው።»

«እባክሽ አንድ ቀን እንኳ በላይኛው ልደር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ታች ነው የከረምኩት» አላት አሉ። ተነሥታ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ማንኪያዋን እንደያዘች፣ «አንዮንጊ ጁሙሾስምኒካ!» አለችው። ጎሚስታው ሻዩ ትን አለው።

ታዲያ ነገሩ እንዲህ እየተቃና ሳለ የሥራ ቦታ መቀያየሪያው ቀን ደረሰ። የጽዳት ሠራተኞች በየሦስት ወሩ ይዘዋወራሉ፤ ደንብ ነው፣ የማንም ክፋት የለበትም። እትዬ ማለዳ ወደ ምድር ቤቱ ልብስ ማጠቢያ ወረደች። በምትኳ የመጣው ሰው ጨዋ ነው፤ ወለሉን እንደ መስታወት ያበራዋል። ጆሮው ውስጥ ግን ሙዚቃ ወትፏል፤ ሰላምታው በአገጩ ነው።

የመጀመሪያውን ጠዋት ሽማግሌው በሩን ሲያዩ ቆዩ። እንቁላላቸውን ግማሽ በልተው ተዉት። በሁለተኛው ቀን ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኔ የቻልኩትን ያህል «አንዮንጊ» ብዬ ሞከርኩ፤ አጠራሬን ግን ሊያርሙት እንኳ አልፈለጉም።

በሦስተኛው ቀን፣ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። እትዬ ማለዳ ናት። አምስት ፎቅ በደረጃ ወጥታ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ትንፋሿን ሰብስባ፣ እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ፣ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«አንዮንጊ ጁሙሾሶዮ?»

ሽማግሌው ዞሩ። «ኔ» አሉ፤ አዎ ማለታቸው ነው። ከዚያ አፋቸውን አንቀሳቀሱ፣ አንቀሳቀሱና፣ «ጃል... ጃሶ?» አሏት፤ አባት ለልጁ እንደሚለው። ያ ቃል ያን ዕለት በትክክለኛው ቦታው ተቀመጠ። አሥር ደቂቃ ቆይታ፣ ልብስ ማጠቢያው ሳይከፈት ለመድረስ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

በየቀኑ እንዲህ አደረገች። በስድስተኛው ቀን ቀና ስትል ዋና ነርሷ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላወቅንም።

«አንቺ ምድር ቤት አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ፣ ሲስተር። ሥራዬ የሚጀምረው ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ገና የራሴ ነኝ።»

ዋና ነርሷ ሰዓቷን አየች። ወደ አልጋው ሄደች። መነጽሯን አደረገች፤ የመድኃኒት ትእዛዝ እንደሚያነብ ሰው በደረቁ፣ አንዲት ፊደል ሳትስት፣ «አንዮንጊ ጁሙሾሶዮ» አለቻቸው። በድብቅ ስታጠና ከርማ ኖሯል።

ሽማግሌው ግራ እጃቸውን አንሥተው፣ «ኔ። አንዮንጊ... ጁሙ... ሾሶዮ» ብለው መለሱላት። አራት ሳምንት ከቃል ጋር ሲታገል የከረመ አፍ ነው።

ዋና ነርሷ መነጽሯን አወለቀችና በጋውኗ ጫፍ ጠረገችው። «ሰኞ ወደ ፎቅሽ ተመለሺ። ከአስተዳደር ጋር እኔ እነጋገራለሁ» አለችና ወጣች።

ልወጣ ሦስት ቀን ሲቀረኝ የሆነውን መቼም አልረሳውም። እትዬ ማለዳ እንደ ወትሮው ገብታ፣ መወልወያዋን አስደግፋ፣ ልትናገር አፏን ስትከፍት ሽማግሌው ቀደሟት። ትራሳቸው ላይ ተደግፈው ቀና ብለው ተቀምጠው ነበር። ሳይንተባተቡ፣ ሳይቆራርጡ፣ «አንዮንጊ ጁሙሾስምኒካ» አሏት።

ደነገጠች። «የለም፣ የለም አባባ! ተሳስተዋል። ይሄማ ላይኛው ነው። ለኔ ጃል ጃሶ ነው።» ጣቷን እንደ እሳቸው አነሣች። «ጃል ጃሶ።»

ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁና ደገሙት፤ «አንዮንጊ ጁሙሾስምኒካ።» ቀጥለውም አንድ ቃል ጨመሩ። «ሶንሴንግኒም።»

በሽታው ያደናገራቸው መስሏት ፊቷ አመድ መሰለ። ልጃቸው ጋ ደወለችና ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። በራሳቸው ቋንቋ ቀስ እያሉ አወሩ። ከዚያ ልጁ አናገራት፤ ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር እኔም ሰምቻለሁ።

«አልተሳሳተም አባቴ። ሶንሴንግኒም ማለት... አስተማሪዬ ማለት ነው። እሱ እንዲህ ይላል፤ ‹መናገር ለሁለተኛ ጊዜ ያስተማረኝ ሰው ነው፤ ለአስተማሪ በታችኛው አይነገርም›።» ከዚያ፣ «እኔም አመሰግናለሁ... እርስዎን» አለ።

እትዬ ማለዳ ስልኩን ዘጋች። ስድስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት የተለየች ሴት ናት፤ ይህንንም የምትናገረው እንደ ዕዳ ጎንበስ ብላ ነው። መወልወያዋን አነሣች፤ መልሳ አስደገፈችው። «እስቲ አሁን ይሄ ወለል እንዴት ይወለወላል?» አለችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ሳቅም ነበረበት።

እኔ በክራንች ወጣሁ። ሽማግሌው ከወር በኋላ ባለ አራት እግር የብረት ምርኩዝ እየተደገፉ፣ በገዛ እግራቸው ከአልጋቸው እስከ ሊፍቱ ተራምደው፣ ልጃቸው ይዟቸው ወደ አገራቸው ሄዱ። ቀኝ እጃቸው እንደዛለ ነው፤ እሱ አልተመለሰም። ለክትትል ስመላለስ ግን እትዬ ማለዳን ሁልጊዜ አገኛት ነበር። በሦስተኛው ቀጠሮዬ ላይ የለበሰችው ጋውን ተለውጧል፤ ሰማያዊው ቀርቶ አረንጓዴ ሆኗል። ዋና ነርሷ ለሕሙማን ረዳቶች ሥልጠና መዝግባታለች። መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። «እኔ ከልጆች ጋር ወንበር ላይ? ጉድ ነው የሚሉኝ!» ዋና ነርሷም «የተማሪ ወንበር የሚያስፈራሽ ከሆነ ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላቸው ሰው ላይ ያን ሁሉ ጣት ያነሣሽው ምንድነው?» አለቻት። ፈተናውን ስትወድቅ ስትነሣ በሁለተኛው አለፈች። አሁን መናገር ያቃታቸውን ሰዎች ጠዋት ጠዋት የምታናግረው በትእዛዝ ነው።

ባለፈው እሑድ የብስክሌቴን ጎማ ላስጠግን ወደ ባሏ ሱቅ ሄድኩ። እሷም እዚያው ነበረች፤ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ካልሲ ትጠግናለች። ስልኳ ጮኸ። ሽማግሌው ናቸው፤ እሑድ እሑድ ይደውላሉ ለካ። ሰላምታውን ተለዋወጡ፤ ማን ላይኛውን እንደሚል እስካሁን አልተስማሙም። ከዚያ ሰውየው ማውራት ቀጠሉ። አወሩ፣ አወሩ። እሷ «ኔ፣ ኔ» እያለች መርፌዋን አየር ላይ ይዛ ትሰማለች። ጎሚስታው ጎማውን ውሃ ውስጥ እንደነከረ ቆመ፤ እኔም ቆምኩ። አንዲት ቃል የገባን የለም።

ሲጨርሱ ስልኩን ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ምን አሉሽ?» አላት ባሏ።

«እንጃ። አንዱም አልገባኝም» አለች ፊቷ ፈክቶ። «ግን ሰምተሃል አይደል? አንድ ጊዜ እንኳ ቆም አላሉም።»